ጓሮ ውስጥ የተገኙ የሸረሪት ልጆች የማን ናቸው? ከጎጆው ተነስቶ የማወቂያ መንገድ

ባለፈው ጥቅምት እናቴ ከደብረ ብርሃን ደወለች። "ካቡ ሥር ያለው ቀጋ ላይ ሸረሪት ፈልቶብኛል። አንድ ጭብጥ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ጤፍ የሚያክል። የፈላ ውሃ ላፍስበት ወይስ በጭስ ላባርረው?" አለችኝ።

"እማዬ፣ እስከ ቅዳሜ ታገሺኝ" አልኳት። ታገሠችኝ።

ይህን የምጽፈው ያን ቅዳሜ አብረን ያደረግነውን እናንተም ጓሯችሁ ውስጥ እንድታደርጉት ነው። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ምን ዓይነት ናቸው?" ብሎ ነው። ቀጥሎ "ይነክሳሉ?" ይላል። ችግሩ ሁላችንም መልሱን ከልጆቹ ላይ መፈለጋችን ነው። የሸረሪት ልጅ ብቻውን ስሙን አይናገርም። የሚናገሩት ጎጆው፣ እናቱና የተገኘበት ቦታ ናቸው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ከዚያ ይጀምራል።

አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። በዓለም ላይ ስም የወጣላቸው የሸረሪት ዝርያዎች ከ50 ሺህ በላይ ናቸው። ብዙዎቹን ተመራማሪዎች የሚለዩአቸው የአዋቂዎቹን የመራቢያ አካል በማጉያ መነጽር አይተው ነው። ልጆቹ ይህ አካል ገና አልወጣላቸውም። ቀለማቸውም ቆዳቸውን በጣሉ ቁጥር ይለዋወጣል። ስለዚህ ቁርጥ ያለ የዝርያ ስም አትጠብቁ። ከየትኛው ቤተሰብ እንደሆኑ ማወቅ ግን ይቻላል፤ ለጓሮ ጉዳይ ደግሞ እሱ ይበቃል።

ደረጃ 1፦ ሳትነኩ እዩ

ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ ውጡ። ጤዛ ካለ እሰየው፤ የማይታየው ድር ሁሉ ይታያል። በተለይ መስከረምና ጥቅምት፣ ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ገና ሳይደርቅ፣ ለዚህ ሥራ የሚመች ጊዜ ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ ትንሽ ነው፦ ስልክ፣ የእጅ ባትሪ፣ አንድ ነጭ ወረቀት፣ አንድ ስንደዶ፣ ክዳን ያለው ብርጭቆ። መጀመሪያ ከሩቅ ፎቶ አንሱ፤ ጎጆው ምን ላይ እንዳለ ይታይ። ከዚያ ቀረብ ብላችሁ አንሱ። ለመጠን ማወዳደሪያ ወረቀቱ ላይ ጥቂት ጤፍ በትኑና አጠገባቸው ያዙት። ከጎጆ ገና የወጡ የሸረሪት ልጆች ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ጤፍ ለዚህ ከማስመሪያ ይሻላል።

ስልካችሁ ቅርብ ነገር አጥርቶ ካላነሳ ራቅ ብላችሁ አንሱና በኋላ ፎቶውን አጉሉት። የማጉያ መነጽር ካላችሁ ካሜራው ፊት ያዙት። ልዩነቱን ስታዩ ትገረማላችሁ።

ደረጃ 2፦ በእርግጥ ሸረሪቶች ናቸው?

ይህን አትዝለሉት። እግር ቁጠሩ። ሸረሪት ስምንት እግር አላት፤ ሰውነቷም ሁለት ክፍል ሆኖ መሐሉ ቀጭን ወገብ ነው። ክንፍም አንቴናም የላትም።

ሰው ከሸረሪት ልጅ ጋር አብዝቶ የሚያምታታው የመዥገር ልጅ ነው። ከብት በሚውልበት ሣር ጫፍ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው ተጠቅጥቀው ይቆያሉ። ገና የተፈለፈለ መዥገር ስድስት እግር ብቻ ነው ያለው። ወገብ የለውም፤ ሰውነቱ አንድ ወጥ ነው። ድርም አይሠራም። እነዚህን ካገኛችሁ እግራችሁን ሸፍኑ፣ ልጆችን ከዚያ ሣር አርቁ።

ቲማቲም ወይም ሌላ አትክልት ካላችሁ ደግሞ ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ። ሥሩ ላይ ስስ ድርና ነጥብ የሚያካክሉ ቀይ ወይም ቢጫ ተንቀሳቃሾች ካሉ፣ ቅጠሉም ከላይ በቢጫ ነጠብጣብ ከተዥጎረጎረ፣ ያ ሸረሪት አይደለም። ድር የሚያደራ የተክል ተባይ ነው። ነጭ ወረቀት ከሥር ይዛችሁ ቅጠሉን መታ መታ አድርጉት፤ ወረቀቱ ላይ የአቧራ ያህል ሆነው ሲሄዱ ታያላችሁ።

ትል ያለበት ድርማ ወዲያው ይለያል። የአባጨጓሬ ጎጆ ውስጥ የራሳቸው ፋንድያ እንደ ቁንዶ በርበሬ ፍርፋሪ ተከምሮ ይገኛል።

ደረጃ 3፦ ጎጆውን አንብቡ

ሥራው ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ስጡት።

ከጭቃ ልጀምር። አንድ ጊዜ ሸዋ ሮቢት ዘመድ ቤት በረንዳ ላይ፣ ጣሪያው ሥር፣ ጣት የሚያህሉ የጭቃ ቱቦዎች ጎን ለጎን ተለጥፈው አየሁ። የቤቱ ልጅ በእንጨት አንዱን ሲሰብረው ከውስጡ ሸረሪቶች ፈሰሱ። አሥር ያልፋሉ። አረንጓዴ አለ፣ ቢጫ አለ፣ ባለ ነጠብጣብ አለ። ሁሉም እግራቸው ተዝለፍልፎ ዝም ብለዋል። "የሸረሪት ጎጆ ነው፤ ልጆቹ ሞተዋል" አለ ልጁ። አንዷን በስንደዶ ጫፍ ነካኋት። የኋላ እግሯ በቀስታ፣ በጣም በቀስታ ተንቀሳቀሰ። አልሞተችም።

ጎጆው የሸረሪት አልነበረም፤ የጭቃ ተርብ ነበር። እናት ተርብ ትናንሽ ሸረሪቶችን እየወጋች ታደነዝዛለች፤ ቱቦው ውስጥ ታጭቃቸዋለች፤ እንቁላል ትጥልባቸውና በጭቃ ትመርጋለች። የተፈለፈለው እጭ ትኩስ ሥጋ እየበላ ያድጋል። ስለዚህ ጎጆው ጭቃ ከሆነ፣ ሸረሪቶቹ የተለያየ ዓይነት ከሆኑና ካልተንቀሳቀሱ፣ ያገኛችሁት የሌላ ጓዳ ነው። እነሱም ወንድምና እህት አይደሉም።

ጎጆው ድር ከሆነ ግን የሸረሪት ቤት ነው ብላችሁ ቅርጹን ተመልከቱ።

ከሣር ወይም ከቁጥቋጦ ጫፍ ላይ ቅጠሎች ተስበው በድር ተሰፍተው ድንኳን ከሆኑ፣ ውስጡም በልጆች ከተሞላ፣ የሞግዚት ሸረሪት ቤት ሊሆን ይችላል። እናቲቱ የእንቁላሉን ከረጢት በመንጋጋዋ ነክሳ ስትዞር ትከርማለች፤ ሊፈለፈሉ ሲሉ ድንኳኑን ሠርታ ከውጭ ትጠብቃለች። ከሁሉም አብልጬ የምወደው ይህን ጎጆ ነው። እናቲቱ ድንኳኑ ላይ እግሯን ዘርግታ ቀኑን ሙሉ ስትቀመጥ አይቶ እጁን የሚያነሳ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ከድንጋይ ሥር፣ ከግንድ ልጥ ወይም ከእንጨት ክምር መሐል ጥጥ የመሰለ የተነፋ ከረጢት፣ ከጎኑም ትንሽ ቀዳዳ ካለ፣ ምናልባት የባለ ክብ ድር ሸረሪቶች ነው። እነዚህ ያን የመንኮራኩር ቅርጽ ያለው ድር የሚያደሩት ናቸው። በብዙዎቹ ዘንድ እናት እንቁላሏን ጥላ ትሞታለች፤ ስለዚህ እናት ባታገኙ አይግረማችሁ።

በር መቃን ስንጥቅ ወይም ግድግዳ ቀዳዳ ውስጥ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ ወፍራም የድር ከረጢት ከሆነ ዝላይ ሸረሪት ትሆናለች። እናቲቱ ብዙ ጊዜ እዚያው ውስጥ ናት።

ጓዳ ወይም ጎተራ ጥግ ላይ፣ ክር እግር ያላት ሸረሪት ዘቅዝቃ ተንጠልጥላ ልጆቿ ዙሪያዋን ከሰፈሩ እሷ የቤት ባለ ረጅም እግር ሸረሪት ናት። እንቁላሏን በስስ ድር ብቻ ጠቅልላ በአፏ ስለምትይዘው ፍሬ ፍሬው ከውጭ ይታያል። ስትነኩባት ድሩን በኃይል ትንጣለች፤ በዚህ ብቻ ትለዩዋታላችሁ።

ክሬም ቀለም ያለው፣ ሽምብራ የሚያክል፣ ዙሪያውን ትናንሽ እሾህ የመሰለ ነገር የወጣበት ድቡልቡል ካያችሁ እጃችሁን አርቁ። ስለ ባለቤቷ ደረጃ 7 ላይ እነግራችኋለሁ።

ወደ ቆላው ስትወርዱ በግራር ቅርንጫፍ ላይ እሾህና ደረቅ ቅጠል የተቀላቀለበት ትልቅ የድር ጎጆ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። በአፍሪካ ቆላ ምድር በአንድ ጎጆ ብዙ ሆነው የሚኖሩ፣ ከእነሱ የሚበልጥ ነፍሳት ተባብረው የሚጥሉ ሸረሪቶች አሉ። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ስንል የምናስበው የሸማኔውን ድርም ይሁን የሸረሪቷን፣ እነዚህ ግን ቃል በቃል ያደርጉታል። እናቶቹ መጨረሻ ላይ የራሳቸውን አካል ለልጆቹ ምግብ አድርገው ይሰጣሉ።

የእናቴ ቀጋ ላይ ምን አገኘን? ልጆቹ የተሰበሰቡበት ቦታ ድንኳን አልነበረም፤ ዝብርቅርቅ ያለ ስስ ድር ብቻ ነው። ጎጆው ሌላ ቦታ መሆን አለበት ብዬ ካቡን መረመርኩ። ከአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር ቢጫ ያለ ለስላሳ ብጥስጣሽ ድር ተለጥፏል። ቀዳዳ አለው። ባዶ ነው። እናት የለችም።

ደረጃ 4፦ እናትን ፈልጉ

ከጎጆው አንድ ክንድ ዙሪያውን ፈትሹ። ከቅጠል ሥር፣ ከድንጋይ ስንጥቅ፣ ከድሩ ዳር። እናት ከተገኘች ሥራው ግማሹ አለቀ፤ ፎቶ የሚያስፈልገውም የእሷ ነው። ከላይ፣ ከፊት፣ ከተቻለም ከሆዷ በኩል አንሷት።

ተኩላ ሸረሪት ጎጆ የላትም፤ ራሷ ጎጆ ናት። ክብ ከረጢቷን ከኋላዋ አጣብቃ ትሮጣለች። ልጆቹ ሲወጡ ጀርባዋ ላይ ይሰፍራሉ፤ አንድ ሳምንት ያህልም ተሸክማቸው ትዞራለች። ኩበት ስታነሱ ወይም የገብስ ነዶ ስታገላብጡ ጀርባዋ ያበጠና የሚርመሰመስ የሚመስል ሸረሪት ካያችሁ እሷ ናት። በእግራችሁ አትርገጧት፤ ልጆቹ በየአቅጣጫው ይበተናሉ፣ እናታቸውም ሰብስባ ላትጨርሳቸው ትችላለች።

እሷን ማታ መፈለግ ይቀላል። ባትሪውን ከዓይናችሁ አጠገብ፣ ከጆሮ ግንዳችሁ ላይ ይዛችሁ ወደ ሣሩ አብሩ። ዓይኖቿ ብርሃኑን ይመልሱታል፤ ሰማያዊና አረንጓዴ የሚል ነጥብ ይሆናል። ልጆች ከተሸከመች ደግሞ አንድ ነጥብ አይደለም፤ እፍኝ ሙሉ ብልጭታ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ቢቆነጥጥም ጋቢ ደርቦ አንድ ምሽት መውጣት ዋጋ አለው።

ደረጃ 5፦ ዓይናቸውንና አቋማቸውን እዩ

አሁን ወደ ልጆቹ እንመጣለን። ፎቶውን አጉሉና ፊታቸውን ፈልጉ። ብዙ ሸረሪቶች ስምንት ዓይን አላቸው፤ ቤተሰብ የሚለየው አሰላለፉ ነው።

ፊት ለፊት ሁለት ትልልቅ ዓይኖች፣ እንደ መኪና መብራት የሚያዩዋችሁ ከሆነ ዝላይ ሸረሪት ነው። ጨቅላ ሆኖ እንኳ ጣታችሁን ስታንቀሳቅሱ ዞር ብሎ ያያችኋል። አራት ጥቃቅን ዓይኖች በአንድ መስመር፣ ከበላያቸው ሁለት ትልልቅ፣ ከኋላ ሌላ ሁለት ከሆኑ ተኩላ ሸረሪት ነው። ዓይኖቹ ሁሉ ጥቃቅን ሆነው ሆዱ ድብልብል ካለ ድር አድሪ የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው። የፊት አራት እግሮቹ ረዘም ብለው እንደ ክንድ ከተዘረጉና ወደ ጎን ከሄደ፣ አበባ ላይ የሚያደባው የሸርጣን ሸረሪት ነው።

ቀለም ላይ ብዙ አትተማመኑ። ጨቅላዎች ሲወጡ አብዛኞቹ ፈዛዛ ናቸው። የኛዎቹ ቢጫ ሆነው ከኋላቸው አንድ ጥቁር ነጥብ ነበራቸው።

ደረጃ 6፦ በስንደዶ ጠይቋቸው

ክምችቱን በስንደዶ ጫፍ በቀስታ ንኩት፤ ወይም ከሩቅ እፍ በሉበት።

ጠባያቸው እዚህ ይወጣል። የቀጋው ላይ እፍ ስል ቢጫው ድቡልቡል ፈነዳ። አንድ ጭብጥ የነበረው በአንድ አፍታ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ተበታትኖ የሣህን ያህል ሰፋ። እናቴ ወደ ኋላ ሸሸች። "ቆይ፣ አትሂጂ" አልኳት። ስንቆይ አንድ በአንድ በክራቸው ላይ ተመለሱ፤ ያው ድቡልቡል እንደገና ተሠራ። "አቤት! እንደ ንብ ነው እኮ" አለች። ይህ መበተንና መልሶ መሰብሰብ የባለ ክብ ድር ሸረሪት ልጆች የታወቀ ጠባይ ነው። ከባዶው ቢጫ ከረጢትና ከእናት አለመኖር ጋር ስደምረው ውሳኔዬን ሰጠሁ።

ተኩላ ሸረሪት ከሆነ ወደ እናቱ ይሮጣል። ዝላይ ሸረሪት ይዘላል። ባለ ረጅም እግሩ ይንቀጠቀጣል።

ደረጃ 7፦ የሚያስፈሩትን ለዩ

በሐቀኝነት ለመናገር፣ በጓሮ የምታገኟቸው ልጆች ከሞላ ጎደል ሁሉም የእናንተን ቆዳ አልፎ የሚወጋ ጥርስ የላቸውም። መጠንቀቅ ያለባችሁ ከእናቶቹ ነው፤ በተለይ ከሁለት።

አንደኛዋ ብራውን ዊዶ የምትባለው፣ በሳይንስ ስሟ ላትሮዴክተስ ጂኦሜትሪከስ ናት። በአፍሪካ በሰፊው ትገኛለች፤ ሙቀት ትወዳለች። ስለዚህ እንደ ሸዋ ሮቢት ባለ ቆላ ውስጥ ከደብረ ብርሃን ይልቅ ዓይናችሁን ግለጡ። እሾሃማው ድቡልቡል ከረጢት የእሷ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስቱ አብረው ይገኛሉ። እናቲቱ ቡናማ ናት፣ እግሯ ባለ ቀለበት ነው፤ ከሆዷ ሥር ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጾች ጫፍ ለጫፍ የተጋጠሙ የመሰለ ብርቱካናማ ምልክት አላት። የባዶ ጀሪካን እጀታ፣ የፕላስቲክ ወንበር ሥር፣ የአበባ ማሰሮ ከንፈር ትወዳለች። ድሯ ቅርጽ የለውም፣ ስትነኩት ግን ጠንካራ ነው። ዓይናችሁ ያላየውን ቦታ በባዶ እጅ አትዳብሱ።

ሁለተኛዋ ቅጠል ጠቅልላ በድር ዘግታ ውስጡ የምትቀመጠው ፈዛዛ ቢጫ ሸረሪት ናት፤ መንጋጋዋ ጠቆር ይላል። የተጠቀለለውን ቅጠል ስትከፍቱባት ልጆቿን ለመከላከል ትነክሳለች፤ ያማል። አትክፈቱት።

ሰው ከተነከሰ ቦታውን በሳሙና እጠቡ፤ ቀዝቃዛ ነገር አድርጉበት። ሕመሙ ከተስፋፋ፣ የጡንቻ ቁርጠት ወይም ላብ ከመጣ፣ የተነከሰው ልጅ ከሆነ ደግሞ ምንም ሳትጠብቁ፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሸረሪቷን ወይም ፎቶዋን ይዛችሁ ብትሄዱ ሐኪሙን ይረዳዋል።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ውሃ የቋጠረ፣ የሚያቃጥል ሽፍታ በአንድ ጎን መስመር ይዞ ሲወጣ "ሸረሪት ሸንታብኝ ነው" የሚሉ ሰዎች አሉ። አልማዝ ባለጭራ የምንለው ይህ ሕመም ከሸረሪት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። መንስኤው የጉድፍ ቫይረስ ነው፤ ድሮ ይዞን ሰውነታችን ውስጥ ተደብቆ የቆየው ሲቀሰቀስ ነው የሚወጣው። መድኃኒቱ ቶሎ ሲጀመር ይበልጥ ስለሚሠራ ሸረሪት እያሳደዳችሁ ቀን አታባክኑ፤ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ደረጃ 8፦ ከተጠራጠራችሁ አሳድጉ ወይም ጠይቁ

ሁለት ሦስት ልጆችን ብቻ ብርጭቆ ውስጥ አድርጉ። አፉን በስስ ጨርቅ እሰሩት፤ አንድ ስንጥር አቁሙበት። በተናጠል አድርጓቸው፤ አብረው ከዋሉ ይበላላሉ። ከሙዝ ልጣጭ ላይ የሚነሱ ትንንሽ ዝንቦች ይበቋቸዋል፤ በየሁለት ቀኑ ጨርቁን በትንሹ አርጥቡት። ድር ካደሩ ቅርጹን እዩ፤ ካላደሩም ያ ራሱ መልስ ነው። ባለ ክብ ድር ከሆኑ ማንም ሳያስተምራቸው ያችኑ መንኮራኩር በትንሹ ይሠሯታል።

ፎቶውን ከቀንና ከቦታ ጋር አይናቹራሊስት በተባለው፣ ሰዎች ያዩትን እንስሳና ተክል በሚያጋሩበት ድረ ገጽ ላይ ብትጭኑት ሸረሪት የሚያውቁ ሰዎች ያዩታል። የዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ መምህራንን መጠየቅም ጥሩ ነው፤ ደብረ ብርሃንም ዩኒቨርሲቲ አላት። የሞተች አዋቂ ሸረሪት ካገኛችሁ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ አድርጋችሁ፣ ቀንና ቦታ በእርሳስ ጽፋችሁ አብራችሁ ክተቱ። በእስክሪብቶ ከጻፋችሁ አልኮሉ ያጠፋዋል። አረቄም አይሆንም፤ ደካማ ነው።

ከዚያስ?

መንገድ ላይ ካልሆኑ ተዉአቸው። መንገድ ላይ ከሆኑ ቅርንጫፉን ከነድሩ ቆርጣችሁ ሰው የማይነካው ጥግ አስቀምጡት። መርጨት አያስፈልግም። በጥቂት ቀን ውስጥ ራሳቸው ይሄዳሉ፤ አካሄዳቸው ደግሞ የሚታይ ነገር ነው። ከፍ ያለ ጫፍ ላይ ይወጣሉ፣ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ ያቀናሉ፣ ክር ይለቃሉ፣ ይነሳሉ። ቻርልስ ዳርዊን በአውሮፓውያን 1832 በመርከብ ሲጓዝ፣ ከየብስ 60 ማይል ያህል ርቆ ሳለ፣ የመርከቡ ገመዶች በብዙ ሺህ ትንንሽ ሸረሪቶች ተሸፍነው አይቷል። በ2018 ደግሞ የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነፋስ በሌለበት ክፍል ውስጥ የኤሌክትሪክ መስክ ብቻውን እንደሚያስነሳቸው አሳዩ።

እናቴ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ደወለች። ፀሐይ ውርጩን ካቀለጠው በኋላ ቀጋው ጫፍ ላይ ወጥተው ሲሄዱ ቆማ አይታለች። "ክሩ ፀሐዩ ላይ ብልጭ ይላል፤ ከዚያ የለችም" አለችኝ። አንዷ ግን ቀርታለች። በሁለት የካብ ድንጋዮች መሐል የሲኒ አፍ የምታክል ክብ ድር አድርታ መሐሏ ተቀምጣለች። እማዬ ኩበት ልታመጣ ስትሄድ አሁን በሌላው በኩል ዞራ ነው የምታልፈው።